የጠዋቱ ጥላ

ረቡዕ ሙዚየሙ ዝግ ስለሆነ ጋዲሴ ቤቱን የምታጸዳው ማንም ሳይኖር ነበር። ሴንት ፖል ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝን ቁልቁል ከሚያይ ገደል አናት ላይ የቆመ አሮጌ የጡብ ቤት ነው፤ የድሮ ፎቶግራፎች ብቻ ይቀመጡበታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የጥገና ክፍሉን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማ፣ ከእግር የወለቀ። ቀጥላ እግሩን አየች።

መርማሪ ሲንቄ ሆርዶፋ ስትደርስ ጋዲሴ ደጅ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። የጎማ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ነክተሻታል?» አለቻት ሲንቄ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«እጇን ነካሁ። ቀዝቅዟል። ‹እትዬ ሮማን፣ እትዬ ሮማን› እያልኩ ጠራኋት። ሦስቴ፣ አራቴ። የሞተ ሰው ይጠራል? እኔ ጠራኋት።»

«በሩ ተሰብሮ ነበር?»

«ኧረ ምንም። የኋላውን በር እንደ ሁልጊዜው በቁልፌ ከፍቼ ነው የገባሁት።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እሷ፣ እኔ፣ አለቃችን ጋሼ ፊልሞን።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ዮሚፍም ነበረው። ጥበቃው። በነሐሴ አባረሩት፤ ቁልፉን ይመልስ አይመልስ እኔ አላውቅም።»

ሮማን ደጀኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ክፍል ውስጥ የተቀደደ ወረቀት ስታቀና፣ ሻጋታ ስትጠርግ፣ የደበዘዘ ፎቶ ስትንከባከብ የኖረች ባለሙያ ናት። አሁን ወረቀት በምትጫንበት ከባድ የብረት ማተሚያ ሥር በጀርባዋ ተዘርግታለች። የማተሚያው ማዕዘን ላይ ደም አለ። ከራሷ ሥር ግን የታጠፈ ፎጣ ነበር።

ሲንቄ ፎጣውን አየች። አብሯት አሥር ዓመት የሠራው ናፍያድም አየው።

«ገድሏት ነው ትራስ ያደረገላት?» አለ ናፍያድ።

«ወይም ሳትሞት።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን ተከፍቷል። ውስጡ ከአንድ እስከ ሠላሳ ሁለት ቁጥር የተጻፈባቸው የወረቀት ማኅደሮች ተደርድረዋል። ሲንቄ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ቡናማ፣ ዘይት እንደነካው ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ቅጠል ወረቀት አለ፤ ላዩ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር የሆነ የሕንጻ ምስል። አሥራ አራተኛው ማኅደር ባዶ ነው።

«ሌባ ነው እንዳንል» አለ ናፍያድ፣ «ሠላሳ አንዱን ትቶ አንዱን የሚወስድ ሌባ የት አለ?»

ከሳጥኑ ጎን ባለ እጀታ መብራትና የሮማን ማስታወሻ ደብተር ነበሩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር ተጽፏል።

«የ9 እና የ22 ሰማይ አንድ ነው።»
«14 ያበራል።»

*

ፊልሞን የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በኬሚካል የጠቆሩ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚሁ ቤት ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ በእረፍት ሰዓቱ መጽሐፍ እያነበበ፣ ባለሙያዎቹን እየጠየቀ ተማረ፤ ዛሬ የስብስቡ ኃላፊ እሱ ነው። የሲንቄ እናት ሳሎን ውስጥ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶ ያነሳውም እሱ ነው።

ሮማን መሞቷን ነገሩት። ናፍያድ ወንበር አቀረበለት።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለ። «ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ እንኳ… እኔ ነኝ።»

ሲንቄ እስኪረጋጋ ጠበቀችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ መጠየቅ አለብኝ። ሳጥኑ ምንድን ነው?»

«የሞርቫን ኔጌቲቮች። ፈረንሳዊ ነው፤ በ1850ዎቹ ነበር የሠራው። ካሜራውን በጋሪ ጭኖ የፈራረሱ ገዳማትን፣ ካቴድራሎችን፣ ድልድዮችን እየዞረ አነሳ። ታድሰው መልካቸው ሳይቀየር በፊት። ያኔ ፊልም የለም፤ ኔጌቲቩ ወረቀት ነው። ብርሃን እንዲያሳልፍ በሰም ይታሻል፣ በብር ጨው ይነከራል።»

«ሰው ግን የለበትም። ሁሉንም አየኋቸው፤ ባዶ ከተማ ነው የሚመስለው።»

ፊልሞን እንባውን እየጠረገ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሰውማ ነበረ። አንድ ፎቶ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚሄድ ሰው አይመዘገብም። ቆሞ የጠበቀ ብቻ ነው የሚቀረው።»

ደብተሩን አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

«የሁለት ፎቶ ሰማይ እንዴት አንድ ይሆናል?» አለች። «አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ ፈረንሳይ ነው ይላል ማኅደሩ። ፎርጅድ አገኘች ማለት ነው?»

«አይደለም፣ ልጄ። ያ ኬሚካል ሰማያዊ ቀለም ሲያይ ያብዳል። ሕንጻው እስኪመዘገብ ሰማዩ ይቃጠልና ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ደመናውን ለብቻው ያነሱትና ሲያትሙ ከሕንጻው ጋር ያጋጥሙታል። ያማረ ደመና ካገኙ አሥር ቦታ ይጠቀሙበታል። ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር።»

«ሁለተኛውስ? ‹14 ያበራል›?»

«አሥራ አራት ከሁሉም የሚያምረው ነው። የገዳም ቅጥር። ወደ መስኮት ስትይዢው ሰሙ ብርሃኑን ስቦ ያበራል። እሷ ሁሌ ትለው ነበር።» መነጽሩን አወለቀ። «በሚቀጥለው ወር ሳጥኑ ለኤግዚቢሽን ፓሪስ ይሄዳል። ከመላኩ በፊት አንድ በአንድ እየመረመረችው ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ? ሁሉንም ሰው ነው የምጠይቀው።»

«ገብቶኛል። ኖርዝ ሚኒያፖሊስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ። ፎቶ ሳነሳ ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ረቡዕ ጠዋት ማን ይኖራል? ስልኬንም ቤት ትቼው ነው የወጣሁት፤ ለሥራ ስወጣ አልይዝም፣ ማንንም ጠይቂ። ግን ኔጌቲቩ አለኝ። አትሜ አመጣልሻለሁ።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱንም አመጣ፤ የወረቀት ኔጌቲቩንና ከሱ የታተመውን ፎቶ። ሲንቄ ቤተ ክርስቲያኑን ታውቀዋለች። የአማርኛ ተናጋሪ ወንጌላውያን የገዙት፣ ሁለት እኩል ማማ ያለው የድንጋይ ሕንጻ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። በፎቶው ላይ የማማዎቹ ጥላ ረዝሞ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ወድቋል። ጠዋት ነው። ከበሩ በላይ ያለው ክብ መስኮት ደግሞ በጣውላ ተሸፍኗል።

ናፍያድ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ለሆነችው ፋዮ ደወለላት። ሰኞ ማታ የጣለው በረዶ መስኮቱን ሰበረው፤ ጣውላውን ባሏ የመታው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ፎቶ ለማንሳት ጋሼ ፊልሞን አስፈቅዷታል። መቼ እንደመጣ ግን አላየችም።

«አለቀ» አለ ናፍያድ ስልኩን ዘግቶ። «ጣውላው ማክሰኞ ቀትር ተመታ። ፎቶው አሁን እጃችን ላይ ነው። በዚህ መሃል አንድ ጠዋት ብቻ ነው ያለው፤ የዛሬው። የሰዓት ማኅተም የተመታበት ደረሰኝ ነው የሰጠን።»

ሲንቄ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷንም አላስተዋለችውም።

*

ሐሙስ ጠዋት የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። ናፍያድ ወረቀቱን ያነበበላት ቆሞ ነው።

«ተገፍታ ነው የወደቀችው፤ ደረቷ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰንጥቋል። የተመታችው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው።» ቆም አለ። «ወዲያው አልሞተችም።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አርባ። ምናልባትም ከዚያ በላይ። ሐኪሟ ምን አለች መሰለሽ? በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አምቡላንስ ቢጠራ ትተርፍ ነበር አለች። ስልኳ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሲንቄ። ሁለት ክንድ አይርቅም።»

አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ብዙ ነገር አይታለች። ሰው ገድሎ የሚሮጥ ታውቃለች። ፎጣ አጥፎ ራስ ሥር የሚያደርግ፣ ከዚያ ግን ስልክ የማያነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የሮማን ልጅ ማዕዶት ብሩክሊን ሴንተር በእናቷ አፓርታማ ውስጥ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች፣ የነርስነት ተማሪ። ሶፋው ላይ የእናቷን ሹራብ ይዛ ተቀምጣለች።

«ሰሞኑን ስለ ሥራዋ የነገረችሽ ነገር አለ?»

«ሺ ዋዝ አፕሴት» አለች ማዕዶት፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ከፍቷት ነበር። ማክሰኞ ማታ እራት አልበላችም። ‹ምን ሆነሽ?› አልኳት። ‹አንድ ሰው አንድ ነገር ከእኔ አፍ መስማት አለበት፣ ከሌላ ከሚሰማ› አለችኝ። ‹ማነው?› ስላት ‹ይደር› አለች።»

«የምትጣላው ሰው ነበር?»

«እማ? ኖ። ያ ጥበቃ ብቻ። ዮሚፍ። የተባረረ ጊዜ ደውሎ ጮኸባት። ተኝቶ ያገኘችው እሷ ነበረች፣ ሪፖርት ያደረገችውም እሷ።»

*

ዮሚፍን ቡርንስቪል፣ ከሚሠራበት መጋዘን ደጅ አገኙት። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሆነው ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት የት እንደነበረ ሲጠየቅ «ቤቴ ተኝቼ» አለ።

ናፍያድ ስልኩን አሳየው። «ይኼ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለው ቤት ካሜራ ነው። ይኼ ያንተ መኪና ነው። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ።»

ዮሚፍ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወላሂ አልነካኋትም!»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«አትፈርዱብኝ። የተባረርኩ ሰው፣ የጮህኩባት ሰው፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል?» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ይቅርታ ልጠይቃት ነው የሄድኩት። ቁልፉንም ልመልስላት። አዲሱ ሥራ ሪፈረንስ ጠየቀኝ፣ ደውዬላት እጽፍልሃለሁ አለችኝ። በዚያ ሁሉ ስድብ ላይ! የኋላውን በር አንኳኳሁ፣ አልሰማችኝም። ሺፍቴ ሊያልፍብኝ ሲል ሄድኩ።»

«ቁልፍ ይዘህ ለምን አልከፈትክም?»

«በምን አፌ? አንዴ ተባርሬያለሁ።»

«ያየኸው ነገር አለ?»

አሰበ። «ውስጥ ነበረች፣ እሱን አውቃለሁ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ በጠርዙ ግን ብርሃን ይታይ ነበር። ሐምራዊ። ዳንስ ቤት ያለውን መብራት ታውቁታላችሁ? እንደዚያ።»

በመጋዘኑ የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ ዮሚፍ ካርዱን የመታው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከሴንት ፖል እስከዚያ መንገዱ ብቻ ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሮማንን ገፍቶ፣ ፎጣ አጥፎ፣ በዚያ ሰዓት ቡርንስቪል መድረስ አይችልም።

በመመለሻው ናፍያድ መኪናውን ሲነዳ ሲንቄ በመስኮት ታይ ነበር።

«ሐምራዊ» አለች በመጨረሻ። «ጠረጴዛው ላይ ያ ባለ እጀታ መብራት ነበር አይደል? ማጉያ መስሎኝ ነበር። ብላክ ላይት ነው።»

«ቢሆንስ?»

«‹14 ያበራል› የጻፈችው እኮ መጋረጃ ዘግታ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ወደ መስኮት ይዛ አይደለም።»

ናፍያድ ፍጥነቱን ቀነሰ።

*

የፖሊስ ላቦራቶሪው ባለሙያ መብራቱን አጥፍቶ ብላክ ላይቱን ከፕሪንተሩ በወሰደው ተራ ነጭ ወረቀት ላይ አበራ። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦገግ አለ።

«የዛሬ ወረቀት ውስጥ የሚያነጣ ኬሚካል አለ» አለ። «መጨመር የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ወረቀት እንዲህ አያበራም።»

ሠላሳ አንዱን የሞርቫን ኔጌቲቮች አንድ በአንድ አሳለፏቸው። አንዱም አላበራም። ሁሉም ጨለማው ውስጥ ደብዝዘው ቀሩ።

አሥራ አራተኛው አብርቷል። ስለዚህ አሥራ አራተኛው የሞርቫን ሊሆን አይችልም፤ በእኛ ዘመን የተሠራ ነው። የወሰደው ሰው የወሰደው እንዳይታይ ነው። በወረቀት፣ በሰምና በብር ጨው እንዲህ ያለ ኔጌቲቭ መሥራት የሚችል ሰው በመላው ሚኒሶታ አንድ ነው። ‹14 ያበራል› ማለት ውበቱን ማድነቅ ነው ብሎ ያስረዳትም እሱ ነው። እሷም እንደ ተማሪ አንገቷን እየነቀነቀች ሰምታው ነበር።

«ግን ሌላ ቦታ እንደነበረ ማስረጃ አለው» አለ ናፍያድ ቀስ ብሎ። «ጥላውን ራስሽ አይተሻል። ፀሐይን ማንም ማዘዝ አይችልም።»

«አይችልም።»

«ታዲያ?»

«አላውቅም። እዚያ ሄጄ ልቁም።»

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመች፤ ፎቶውን በእጇ ይዛ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሁለቱ ማማዎች፣ አምስቱ የድንጋይ ደረጃዎች፣ በጣውላ የተሸፈነው ክብ መስኮት። የማማዎቹ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፣ ልክ እንደ ፎቶው። ግራና ቀኙን ደጋግማ አስተያየች። አንድም የሚጋጭ ነገር የለም። በቃ፣ ሰውየው እዚህ ነበር። በልቧ አፈረች፤ እናቷ የምታከብረውን ሰው በከንቱ ጠረጠረች።

ውስጥ ያለችውን ፋዮን አመስግናት ልትሄድ ደረጃውን ወጣች። ዓይኗ አሁንም ፎቶው ላይ ነበር። በፎቶው ላይ እንዳየችው የበሩን ትልቅ የብረት ቀለበት ለመያዝ ቀኝ እጇን ዘረጋች።

እጇ ያገኘው ማጠፊያ ብረት ነው።

ቀና አለች። ቀለበቱ በግራ በኩል ነው።

ፎቶውን አየች። በቀኝ። በሩን አየች። በግራ።

በሩ ተከፈተና ፋዮ ብቅ አለች። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«እትዬ ፋዮ፣ ይህ በር ተቀይሮ ያውቃል?»

«ቤቱን ስንገዛም ይኸው ነው። መቶ ዓመት ሆኖታል ይላሉ።»

ሲንቄ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በሰም የታሸ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፤ ራሱ ነው የነገራት። በሁለቱም በኩል ይታያል። በጀርባው ገልብጠው ካተሙት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ማማዎቹ እኩል ስለሆኑ ማንም አያውቅም። ወደ ቀኝ የወደቀ የማታ ጥላ ግን ወደ ግራ የወደቀ የጠዋት ጥላ ይሆናል። ፎቶው የተነሳው ረቡዕ ጠዋት አይደለም። ማክሰኞ ነው፣ ጣውላው ከተመታ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

ላቦራቶሪው በሁለት ሰዓት ውስጥ አረጋገጠላት። የብር ጨው የተቀባው ፊት የትኛው እንደሆነ በማጉያ ይታያል። በዚያ ፊት ሲታተም ቀለበቱ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ጥላውም ወደ ምሥራቅ።

*

ፊልሞን ቤቱ ሪችፊልድ ነው፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ሣሩ በደንብ የተከረከመ። በሩን ሲከፍት ሲንቄንና ናፍያድን አየ፣ ሁለቱንም ፎቶ በሲንቄ እጅ አየ። የበሩ ቀለበት በአንዱ በቀኝ፣ በአንዱ በግራ። አስተያያቸውና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ተከተሉት።

ናፍያድ መብቱን አነበበለት። ጠበቃ እንደማይፈልግ ተናገረ፣ ናፍያድም ደግሞ ጠየቀው፣ እሱም ደግሞ አይፈልግም አለ።

«የበሩ ቀለበት» አለ ፊልሞን። «ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ገብቼበታለሁ። በየትኛው ጎን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ሕንጻ ሳይ የኖርኩ ሰው!»

«ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት የሙዚየሙ መጋዘን ማሞቂያ ተበላሸ። ሳጥኑ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ቢሮዬ አምጥቼ ከማሞቂያው በላይ ባለው መደርደሪያ አስቀመጥኩት። ዓርብ ነበር። ረሳሁት። ሰኞ ስመጣ ሰሙ ቀልጧል። ዘጠኙ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። መቶ ሰባ ዓመት የቆየ ነገር፣ ጦርነት ያለፈው፣ ውቅያኖስ የተሻገረ… እኔ በሁለት ቀን አጠፋሁት።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ከጥበቃነት ያነሱኝ ሰዎች ምን ይላሉ? ‹ድሮም ጥበቃ ነበር› ነው የሚሉት።» እጆቹን አየ። «ከነሱ ከታተሙት የድሮ ፎቶዎች ላይ መልሼ ሠራኋቸው፤ የ9 እና የ22 ደመና የመጣውም ከዚያ ነው፣ እውነተኛው ኔጌቲቭ ላይ አይኖርም ነበር። አሮጌ ባዶ ወረቀት እየፈለግሁ። ስምንቱ ሆነልኝ። ለአሥራ አራተኛው ወረቀቱ አለቀብኝ፣ ማንም አያውቅም ብዬ በአዲስ ሠራሁት።»

«ሮማን አወቀች።»

«እኔው ያስተማርኳት ልጅ! ማክሰኞ ማታ ደወለች፣ ጠዋት ና አለችኝ። እንደ ልማዴ መኪናዬን ወንዙ ዳር አቁሜ በገደሉ በኩል በእግሬ ወጥቼ ገባሁ፤ መብራቱን አጥፍታ አሳየችኝ። አልጮኸችም። ‹ጋሼ፣ ፓሪስ ያውቁታል። ዛሬ ራስህ ንገራቸው። ብቻህን አይደለህም፣ አብሬህ እገባለሁ› አለችኝ። እጇ ውስጥ ያለውን ወረቀት ብቻ ነበር የማየው። ልወስደው ሳብኩ፣ እሷም አልለቅም አለች። እንዳይቀደድ ነበር የፈራችው፣ አውቃለሁ። ገፋኋት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልገድላት አልነበረም።»

«አምንሃለሁ» አለች ሲንቄ። «ከዚያስ?»

ፊልሞን የጠቆሩ ጣቶቹን ይጠርግ ጀመር።

«አርባ ደቂቃ ነው ጋሼ። ከዚያስ?»

«ዓይኗን ገለጠች። ፎጣ አደረግኩላት። ‹ደውልልኝ› አለችኝ።» አንገቱን ደፋ። «‹ደውያለሁ፣ እየመጡ ነው› አልኳት።»

ናፍያድ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሲንቄ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም።

«ደውለህ ነበር?»

«አልደወልኩም።»

«እየመጡ ነው አልካት እንጂ አልደወልክም።»

«ብትድን ትናገራለች ብዬ። አንድ ደቂቃ ብቻ ላስብ ብዬ ነበር። ከዚያ አምስት ሆነ። ከዚያ አሥር ሆነ፣ ‹ለምን ዘገየህ?› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሷ ትጠይቀኛለች፣ ‹የት ደረሱ?› ትለኛለች፣ እኔ ‹ደርሰዋል፣ መንገድ ላይ ናቸው› እላታለሁ። አመነችኝ። የአምቡላንስ ጩኸት የሰማች መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ጊዜ ፈገግ አለች።»

ሲንቄ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ቆየች። ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች። ይህን ግን ጆሮዋ መያዝ አቃተው፤ ቃላቱ በየተራ ገቡ እንጂ አንድ ላይ አልሆኑላትም።

ናፍያድ ነው ካቴናውን ያወጣው። ፊልሞን እጆቹን ራሱ ዘረጋ።

*

ዜናው በየስልኩ ከመዞሩ በፊት ሲንቄ ብቻዋን ወደ ብሩክሊን ሴንተር ሄደች። ማዕዶት በሩን ከፈተች፤ አልተኛችም፣ ፊቷ አብጧል። ሲንቄ ቆማ አልነገረቻትም። አስቀምጣት፣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ስሙን ነገረቻት።

«ጋሼ ፊልሞን?» አለች ማዕዶት። «ኖ። ኖ፣ ኖ። እሱ ትናንት እዚህ ነበር። ቀብሩን እኔ አስተባብራለሁ አለኝ። አልቅሷል። አቅፎኛል።» እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ የታቀፈችበትን ቦታ የምትጠርግ ይመስል። «አቅፎኝ ነበር እኮ!»

ሲንቄ ምክንያቱን፣ ወረቀቱን፣ ግፊያውን ነገረቻት። ቀሪውን ትንገራት ወይስ ትደብቃት ገና አልወሰነችም። ቤት ውስጥ አስባበት ነበር፤ መኪና ውስጥም አስባበት ነበር። ልጅቷ ግን የነርስ ተማሪ ናት። ሪፖርቱን ሐሙስ ዕለት ጠይቃ አንብባዋለች።

«አርባ ደቂቃ ይላል» አለች ማዕዶት። «ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። እዚያ ወለል ላይ፣ ብቻዋን፣ ስትጠራ ማንም ሳይሰማት…» ወደ ሲንቄ ዞረች። «ብቻዋን ነበረች?»

ሲንቄ እጇን ያዘቻት። መዋሸት ትችል ነበር። ነገር ግን ዛሬ ባይሆን ነገ ልጅቷ ሁሉንም ትሰማለች፤ ከሌላ ሰው አፍ።

«አልነበረችም» አለቻት። «እስከ መጨረሻው አጠገቧ ነበር።»

የማዕዶት ትከሻ ላላ አለ። ለአንድ አፍታ በፊቷ ላይ የእፎይታ ነገር አለፈ፣ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፣ «ቴንክ ጋድ፣ ተመስገን» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ ገባት።

ሲንቄ ለልጅቷ ሲገባት አየች። እጇን አልለቀቀችም።